«እዚህ» የት ነው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ቃል ነው። ቃሏ «እዚህ» ትባላለች። አጭር ናት፣ ለአፍ ትመቻለች፣ ሁላችንም በቀን መቶ ጊዜ እንላታለን። እኔን ግን መርጡለ ማርያም ድረስ ወስዳ አዋርዳኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሥራቅ ጎጃም፣ እነብሴ ሳር ምድር ወረዳ፣ መርጡለ ማርያም ከተማ ውስጥ የዜማ መምህር የሆኑ አጎት አሉኝ። ሰው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክም በአካልም እያስቸገርኳቸው፣ የቆሎ ተማሪ ሳሉ ያሳለፉትን፣ ከየትኛው ደብር ወደየትኛው እንደተሻገሩ፣ ከማን ምን እንደተማሩ እየጠየቅኩ ላፕቶፔ ላይ ስከትብ ቆየሁ። በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ጽሑፉን አዲስ አበባ አሳተምኩት። ስልሳ ምናምን ገጽ፣ በስፓይራል የተጠረዘ፣ ሽፋኑ ላስቲክ። በደጀን፣ በቢቸና አድርጌ ይዤላቸው ሄድኩ። ኩራቴን ብታዩት!

የኔታ መነጽራቸውን አደረጉና «ደግ ነው፣ ደግ ነው» እያሉ ይገልጡ ጀመር። ገጽ 14 ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጄ፣ ‹ይህን እዚህ አብራርተነዋል› ይላል። እዚህ የት ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እውነትም ይላል።

«የኔታ፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ነው። ቃሉን ሲጫኑት ወደ ቦታው ይወስድዎታል» አልኩ።

የኔታ ጣታቸውን «እዚህ» የምትለዋ ቃል ላይ አሳረፉና ጫን አደረጓት። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«አልወሰደኝም» አሉ።

እዚያ የነበሩት ተማሪዎች በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ሳቁ አለቀ። ምክንያቱም በኋላ ስቆጥረው እንደዚያ ያለው ቦታ አንድ አልነበረም፤ አርባ ምናምን ነበር። «ከላይ ያነሳነው»፣ «ይህን ጉዳይ»፣ «ሌላ ቦታ እንዳልነው»፣ «እዚህ»… ስክሪን ላይ ሁሉም በር ነበሩ። ወረቀት ላይ ሁሉም ግድግዳ ሆኑ።

እንግዲህ በሩን ግድግዳ ያደረገው ማን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ትንሽ ቴክኒክ አለበት፣ ታገሱኝ።

እኔ ማስታወሻዬን የምይዘው ፕሌይን ቴክስት በሚባለው፣ ያለ ምንም ጌጥ በሚቀመጥ ተራ ጽሑፍ ነው። ለምን እንደሆነ ዕድሜያችሁ ትንሽ ገፋ ያለ ታውቁታላችሁ። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በገዛ ራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው፤ ፎንቱ የሌለው ሰው ፋይሉን ሲከፍት የሚያየው የተመሰቃቀለ የላቲን ሆሄ ነው። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንደዚያ ሆኖ ቀርቷል። ተራ ጽሑፍ በዩኒኮድ ከተቀመጠ ግን ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በየትኛውም ማሽን ይከፈታል።

የምጠቀመው ኦርግ ሞድ የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አምስተርዳም ያለ ካርስተን ዶሚኒክ የሚባል የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ለራሱ ማስታወሻ ብሎ የጀመረው፣ ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ የሚሠራ ነው። በነገራችን ላይ ኢማክስና ፊደላችን የቆየ ትውውቅ አላቸው። ታካሃሺ ናኦቶ የሚባል ጃፓናዊ ፊደልን በኢማክስ የሚያስጽፍ መሣሪያ ሠርቶልናል፤ ከዚያም አልፎ አንድ ትእዛዝ አለው፣ የተጻፈውን ፊደል በሙሉ ወደ ቴክ ኮድ የሚቀይር። ቴክ ማለት ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ መጽሐፉ አምሮ እንዲታተምለት ብሎ የፈጠረው የገጽ አቀናባሪ ነው። ሌስሊ ላምፖርት ደግሞ በላዩ ላይ ላቴክን ሠራ፤ ዛሬ የሒሳብና የሳይንስ ሰው ሁሉ የሚጽፍበትን። ላቴክ አማርኛ እንዲጽፍ የሚያደርገውን ጥቅልም ሃምቡርግ ላይ ብርሃኑ በየነ ከጀርመን ባልደረቦቹ ጋር ሠርቶታል። ማለት የፈለግኩት፣ ከተራ የአማርኛ ጽሑፍ ወደ ላቴክ የሚወስደው መንገድ ትናንት የተቆፈረ አይደለም። ሰዎች ለፍተውበታል። ወደ ቦታው የማይወስደኝ ሰበብ ልፈልግ ብል አላገኝም።

አሁን ወደ «እዚህ»።

ኦርግ ሞድ ውስጥ ከአንድ ርዕስ ወደ ሌላ ርዕስ ሊንክ ማድረግ ቀላል ነው። እንዲህ ብላችሁ ትጽፋላችሁ፦ [[*የድጓ ትምህርት][እዚህ]]። የመጀመሪያው ክፍል መድረሻው ነው፣ ሁለተኛው መግለጫው። ስክሪን ላይ የምትታየው መግለጫዋ ብቻ ናት። ኦብሲዲያን የምትጠቀሙም ያው ነው፤ ሁለቱን በቀጥታ መስመር ትለያላችሁ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

ይህ ወደ ላቴክ ሲላክ ሁለት ዕድል አለው። መግለጫ ካልጻፋችሁለትና ርዕሶቻችሁ ቁጥር ካላቸው፣ በቦታው የርዕሱ ቁጥር ይገባል፤ «3.2» ብሎ። ርዕሶቹ ቁጥር ከሌላቸው ርዕሱ ራሱ ይገባል። መግለጫ ከጻፋችሁለት ግን ቁጥሩ ይቀራል፤ የሚገባው የእናንተ መግለጫ ነው፣ ከሥሩ የሚጫን ሊንክ ተደርጎ። ፓንዶክ በሚባለው መቀየሪያ ብትልኩትም መግለጫ ያለው የውስጥ ሊንክ ዕጣው ይኸው ነው።

ልብ በሉ፣ ወይ ቁጥር ወይ መግለጫ ነው። ሁለቱም አይደለም።

ከዚያ የመጨረሻዋ ክፋት ትመጣለች። ላቴክ ውስጥ ሊንኮችን የሚሠራው ሃይፐርሬፍ የሚባለው ጥቅል፣ ሌላ ካልነገራችሁት በቀር፣ ሊንኩን በቀይ ሳጥን ይከበዋል። ሳጥኑ የስክሪን ብቻ ነው፤ ሲታተም አይወጣም። ስለዚህ ስክሪን ላይ «እዚህ» ቀይ ሳጥን ውስጥ ሆና «ተጫኑኝ» ትላለች። ወረቀት ላይ ሳጥኑም የለ፣ ቁጥሩም የለ፣ ተራ «እዚህ» ሆና ትቀራለች። የኔታ ሊንክ መሆኑን እንኳ ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም።

ያን ዕለት ማታ የኔታ አንድ ነገር አሳዩኝ። ድጓቸውን አወጡ።

ድጓ ያላየ ካለ ልንገረው። የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ ነው። በዋናው ጽሑፍ መስመር ላይ፣ ከቃላቱ በላይ፣ ደቃቅ ፊደላት ተጽፈው ይታያሉ። ሁለት ፊደል፣ ሦስት ፊደል፣ አልፎ አልፎ አንድ። ምልክት ይባላሉ። ከነዚያ ጋር እነ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ርክርክ፣ ጭረት የሚባሉት ሰረዝና ነጥብ የሚመስሉት አሉ፤ እኔን የገረሙኝ ግን ፊደሎቹ ናቸው።

እኔ ሙዚቃ ኖታ ነገር መስለውኝ ነበር። አይደሉም። እነዚያ ፊደላት የሌላ ዜማ ስም አሕጽሮት ናቸው። ተማሪው በቃሉ ከያዘው አንድ የታወቀ ዜማ ውስጥ ካለ ቃል ወይም ሐረግ የተቆነጠሩ ናቸው። «ይህችን ቃል ልክ እዚያ እንዳልካት በላት» ማለት ናቸው። ሊቃውንቱ ይህን ሥርዓት የጀመሩት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይላሉ። ምልክቶቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ።

እንግዲህ ይህ ሊንክ ካልሆነ ምንድን ነው? መድረሻ አለው፤ የታወቀው ዜማ። መግለጫ አለው፤ ሁለቱ ፊደል። ኮምፒውተር ከመታሰቡ አራት መቶ ዓመት በፊት፣ ብራና ላይ፣ የሚሠራ ሊንክ።

«እንግዲህ አየህ» አሉኝ የኔታ፣ «የኛ ‹እዚህ› ስም አለው።»

ነገሩ ይኸው ነው። የድጓው ምልክት ከኔ «እዚህ» ያጠረ ነው። ግን ባዶ አይደለም። ፊደሎቹን ያየ ተማሪ የትኛው ዜማ እንደሆነ ያውቃል፤ መድረሻው ዓመታት ተቀምጦ በቃሉ ያጠናው ነውና ኪሱ ውስጥ ነው። የኔ አንባቢ ግን ስልሳ ገጹን በቃሉ አልያዘውም። መግለጫዬም የትኛው እንደሆነ አልነገረውም። ከሁለት ያጣ!

ሌላም አለ። ያ ድጓ ውስጥ ቀይ ቀለም ነበር። ጸሐፊው አንባቢው እንዲያስተውል የፈለገውን በቀይ ጽፎታል፣ ቀዩም እስከ ዛሬ አለ። የኔ ቀይ ሳጥን ግን ከላፕቶፑ ወደ ማተሚያ ቤቱ እስኪደርስ እንኳ አልቆየችም። መርጡለ ማርያም ደግሞ ነገር መቆየቱን የሚያስታውስ ቦታ ነው። መርጡል በግዕዝ አዳራሽ ማለት ነው፤ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ጥርብ ድንጋይ እዚያው አለ። እዚያ ቆማችሁ የሁለት ሳምንት ዕድሜ ስላላት ሳጥን ማውራት ያሳፍራል።

«ታዲያ መግለጫውን ትተህ ቁጥር ብቻ አድርግ» የሚሉ አሉ። ላቴክ የለመዱ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ «3.2ን ይመልከቱ» ብሎ መዝጋት። ንጹሕ ነው፣ አይዋሽም፣ ርዕስ ስትጨምሩ ቁጥሩ ራሱን ያስተካክላል።

እውነት ነው፣ ቁጥር ጥሩ ነው። አገራችን ውስጥ ደግሞ ቁጥር ስም የሆነበት ምሳሌ አለ፤ አንቀጽ 39። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 106 አንቀጾች አሉት። ካፌ ቁጭ ብላችሁ «አንቀጽ 39» ብትሉ ማንም «እሱ ደግሞ ስለ ምን ነበር?» አይላችሁም፤ ሊጣላችሁ ሁሉ ይችላል። እስቲ ግን «አንቀጽ 71» በሉ። ዝም! የሕግ ተማሪ ካልሆነ በቀር መጽሐፉን ሳይገልጥ የሚመልስላችሁ የለም። ሁሉም ቁጥር አንቀጽ 39 አይደለም። የኔ «3.2» ደግሞ እንኳን ለየኔታ፣ ለኔም ከሳምንት በኋላ ምን እንደሆነች ትጠፋኛለች።

ሕግ አርቃቂዎች በዚህ ነገር ብዙ ያስተምሩናል። «በዚህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ (1) በተደነገገው መሠረት» ሲሉ እንስቃለን፤ ቋንቋው ደረቅ ነው እንላለን። ግን አንድም ጊዜ «እዚህ እንዳልነው» አይሉም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ 3367 ቁጥሮች ነበሩት። እዚያ ውስጥ «ከላይ እንዳነሳነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ዳኛው እስከ ዛሬ ይፈልግ ነበር። አዋጅ ሲሻሻልና መሃል ላይ አዲስ አንቀጽ ሲገባም፣ የተከተሉት ቁጥራቸው መሸጋሸጉን አብሮ ይጽፉታል። ወረቀት ላይ የሚኖር ሰው ጥንቃቄ እንዲህ ነው።

ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው፦ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፣ መግለጫም ብቻውን አይበቃም። መግለጫው ስለ ምን እንደሆነ ይንገረን፣ ቁጥሩ የት እንደሆነ ይንገረን። ፕሮግራሙ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይሰጣልና ሁለቱን የማስገባቱ ኃላፊነት የጸሐፊው ነው። በፕሮግራሙ አላማርርም። መግለጫ ስጽፍ «ይህን አትም» ብዬዋለሁ፣ አተመው። «እዚህ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ለምን ፕሮግራሙ ራሱ ከእያንዳንዱ መግለጫ ቀጥሎ ቁጥሩን በቅንፍ አይጨምርም?» የሚል ጓደኛ አለኝ። እሱም ሐሳብ ነው። ለእንግሊዝኛ ይመች ይሆናል። ለአማርኛ ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም አማርኛችን ቃሉን ብቻውን አይተወውም።

አንደኛ፣ በ፣ ከ፣ ለ፣ የ፣ ስለ የሚባሉት ከፊት ይለጠፋሉ፤ «ን»ና «ም» ከኋላ ይለጠፋሉ። «በክፍል 3.2»፣ «ክፍል 3.2ን»፣ «ከክፍል 3.2ም» እንላለን። ላቴክ ውስጥ የክፍሉን ዓይነት ራሱ ለይቶ ስሙን ከቁጥሩ ጋር የሚያስገባ ኦቶሬፍ የሚባል ትእዛዝ አለ። ስሙን በአማርኛ ካልሰጣችሁት በእንግሊዝኛ ያስገባዋል። አንድ ጊዜ ሞክሬው «በ» የምትለዋ ፊደላችን ከፈረንጅ ቃል ጋር ተጣብቃ «በሴክሽን 3.2» በላቲን ሆሄ ተጽፎ አገኘሁት። ታሪካችንን እያነበብን «በሴክሽን»! የአማርኛ ስም ስትሰጡት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ምዕራፍ ብላችሁት «ስለ ምዕራፍ» ይሁን «በምዕራፉ» ይሁን እሱ አያውቅም። የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩን የጻፈው ሰው ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ሞክሼ ፊደሎቻችን! ሊንኩ መድረሻውን የሚያገኘው በርዕሱ ፊደል ከሆነ፣ ፊደሉ አንድ በአንድ መመሳሰል አለበት። እኔ ርዕሱን «የመጻሕፍት ቤቱ» ብዬ ጽፌ፣ ከሦስት ወር በኋላ ሊንኩን «የመፃህፍት ቤቱ» እለዋለሁ። ለጆሮ አንድ ነው። ለኮምፒውተር ጸ እና ፀ፣ ሕ እና ህ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ኦርግ ሞድ ደግሞ ሊንኩን ካላገኘው ኤክስፖርቱን አቁሞ «አላገኘሁትም» ይላል። «የተሰበረውን እለፈው» የሚል ማስተካከያ አለ፤ እለምናችኋለሁ አትንኩት። እሱን የነካ ሰው ስህተቱን ከራሱ ደብቆ ለአንባቢው ያስተላልፋል። ሐመሩ ሐ ይሁን ሃሌታው ሀ ብለው ሊቃውንቱ ሲከራከሩ «ምን ያደርጋል?» የምንል ልጆች ነበርን። ይኸው፣ ሊንክ ይሰብራል!

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ቀላል ነው።

ለእያንዳንዱ ሊጠቀስ ለሚችል ርዕስ የራሱን መለያ እሰጠዋለሁ፤ አጭር፣ ሞክሼ ፊደል የሌለበት፣ ርዕሱ ቢቀየርም የማይቀየር። ለምሳሌ «ድጓ» ብቻ። ሊንኩ ወደ ርዕሱ ሳይሆን ወደዚያ መለያ ይሄዳል። ካላደረጋችሁት ኦርግ ሞድ ለላቴክ የሚሰጠው መለያ ራሱ የፈጠረው የቁጥርና የሆሄ ድብልቅ ነው፤ በእጃችሁ ልትጠቅሱት አትችሉም። መለያዬን እንዲጠቀም የሚያስገድድ አንድ ማስተካከያ አለ፣ እሱን እከፍተዋለሁ።

ቀጥሎ፣ ሁለት ጊዜ ሊንክ አደርጋለሁ። አንዱ ከነመግለጫው፣ አንዱ ያለ መግለጫ፦ [[#ድጓ][የኔታ ድጓ የጀመሩበትን ታሪክ]] (ክፍል [[#ድጓ]]) እላለሁ። ሲታተም «የኔታ ድጓ የጀመሩበትን ታሪክ (ክፍል 3.2)» ይሆናል። ቅንፍ ውስጥ ያለው «ክፍል» የኔ ቃል ስለሆነ በፈለግኩት መልክ እጽፈዋለሁ፤ «በ» ባስፈልገው «በ» እጨምራለሁ። ለወረቀት የሚሄድ ከሆነ የገጹን ቁጥርም አስገባለሁ፤ ላቴክ ለዚያ ፔጅሬፍ የሚባል ትእዛዝ አለው። በየቦታው መጻፍ የሰለቸው ሰው፣ ወደ ላቴክ ሲላክ ብቻ የሚሠራ ማጣሪያ ጽፎ ከመግለጫው በኋላ የገጹን ቁጥር እንዲያስገባለት ማድረግ ይችላል። ቁጥር እንጂ ስም አያስገባ። ስሙን ለራሳችሁ ተዉት።

ከሁሉ በፊት ግን የማደርጋት አንዲት ፈተና አለች። ሊንክ የጻፍኩበትን ዓረፍተ ነገር ስልክ ላይ ላለ ሰው አነባለታለሁ ብዬ አስባለሁ። የሚሰማው ሰው አይጫንም። «ይህን እዚህ አብራርተነዋል» ብለው «የት?» ይለኛል። «ይህን፣ የኔታ ድጓ የጀመሩበትን ታሪክ ስናወራ አብራርተነዋል፤ ክፍል 3.2 ገጽ 31» ብለው «እሺ» ይለኛል። «እሺ» ካስባለ ይለፍ።

አውቃለሁ፣ «በዚህ ዘመን ማን ወረቀት ያነባል?» የምትሉ አላችሁ። መልሴ አጭር ነው። የዩኒቨርሲቲ አማካሪያችሁ ያነባል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ በደረቅ ቅጂ ያስረከበ ሁሉ ያውቀዋል። መብራት የጠፋበት ሰው ያነባል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ከሰው የተዋሰውን ገጽ 14ን ብቻ ያባዛ ተማሪ ያነባል። አባቶቻችን ያነባሉ። እኛ ታሪካቸውን ከነሱ ወስደን፣ እነሱ ሊያነቡት በማይችሉት መልክ ብንመልስላቸው፣ ወሰድን እንጂ ሰጠን አይባልም።

ይህን የምለው እንዲያው ለጨዋነት አይደለም። ሰምታችሁ ፍረዱኝ።

አዲስ አበባ ተመልሼ አርባ ምናምኑን ሊንክ አንድ በአንድ አስተካከልኩ። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። መጀመሪያ ስሞክረው ቁጥር በሚገባበት ሁሉ ሁለት ጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ወጣ፤ ደነገጥኩ። ለካ ላቴክ ቁጥሮቹን የሚያውቀው ፋይሉን ደግሞ ሲያልፍበት ነው፤ ሁለተኛ ሳስኬደው ሞሉ። አዲሱን ቅጂ በሰው እጅ ላክሁላቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወሉ።

«ልጄ፣ ገጽ 14 ላይ ወደ ገጽ 31 ሂድ ይለኛል።»

«አዎ የኔታ። አገኙት?»

«አገኘሁት። ግን አንዱ ስህተት ነው።»

ልቤ ቀጥ አለ። «ምኑ?»

«ገጽ 14 ላይ መጀመሪያው መምህሬ ዘንድ ሦስት ዓመት ተቀመጠ ትላለህ። ገጽ 31 ላይ አምስት ዓመት ትላለህ። አምስቱ ነው ልኩ። ሦስቱን ደምስሰው።»

ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። እውነታቸውን ነው። አንዱን በመጀመሪያው ዓመት በስልክ እያወራን ጻፍኩት፣ ሌላውን በሁለተኛው ዓመት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያውቁም፤ በመሃላቸው አሥራ ስድስት ገጽ አለ። የሚያገናኛቸው አንድ ሊንክ ብቻ ነበር፣ እሱም «እዚህ» የሚል። በመጀመሪያው ቅጂ የኔታ መንገዱን ስላላገኙት ስህተቴን አላዩም። እኔም ሊንኩን መቶ ጊዜ ስጫነው አላየሁትም፤ ስትጫን ዘልለህ ትሄዳለህ፣ ሁለቱን ገጽ በአንድ እጅ አትይዝም። የኔታ ግን አውራ ጣታቸውን ገጽ 14 ውስጥ ከተው ገጽ 31ን ገልጠው ነበር ያነበቡት።

እንዲያ ባይሆን ኖሮ ያ ጽሑፍ እኔ ጋ ሦስትም አምስትም እያለ ይቆይ ነበር። አንድ ቀን የኔታ ሳይኖሩ፣ አንድ ሰው «የቱ ነው ልኩ?» ቢለኝ ምን እመልስ ነበር? አንባቢን መንገድ መምራት ማለት ስህተትህን እንዲያገኝብህ መፍቀድ መሆኑ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ሦስቱን ደመሰስኩት።

እስቲ እናንተም ማስታወሻችሁን ክፈቱና «እዚህ» የምትለዋን ቃል ፈልጉ። ስንት አገኛችሁ?